የመናገሻው የጣውላ ቤት ጉዳይ፦ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው የሲሚንቶው?

ከአዲስ አበባ በቡራዩ በኩል ወጥታችሁ የሆለታን መንገድ ስትይዙ፣ መናገሻ አካባቢ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ሁለት ጎኑ ጣውላ የለበሰ፣ በረንዳው ላይ የተቀረጸ እንጨት ያለው፣ አረንጓዴ ቀለሙ እየተላጠ ከስሩ ሌላ ቀለም፣ ከሱም ስር ሌላ ቀለም ሚያሳይ ቤት ነው። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው ሚላቸው፣ እኔም እንደዛው ልቀጥል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ የጣውላው የታችኛው ክፍል በሰበሰ፣ ወጪውን ሚሸፍነው ትልቁ ልጃቸው ገንጥለን በብሎኬት እንዝጋው አለ፣ እማማ ደሞ እኔ በቁሜ እያለሁ ማንም አይነካውም አሉ፣ እህትየው ከእማማ ጋር ሆነች፣ ታናሽየው ከወንድሙ ጋር፣ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ እስቲ ሚያውቅ ሰው ይየው ተባለና እኔ ተጠራሁ። ስራዬ የቤት እድሳት ነው፣ ግን እንደዚህ አይነት ቤት ላይ ብቻዬን አልገባም፣ እንጨትን በሽታው ሚለዩ አንድ አዛውንት አናጺ አሉ፣ ጋሼ ነው ምላቸው፣ እሳቸውን ይዤ ነው ምሄደው።

መጀመሪያ ቤቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከውጪ አይቶ የእንጨት ቤት ነው ይላል፣ አደለም። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ከድንጋይ መሰረት ላይ የጥድ ቋሚዎች ቆመው፣ በማገር ተያይዘው፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ የተሰራ እንደማንኛውም የአካባቢው ቤት ነው። ልዩ ሚያደርገው ዝናብ በንፋስ እየተገፋ ሚመታቸው ሁለት ጎኖች ላይ ብቻ ከምርጊቱ ውጪ ጣውላ መልበሱ ነው። ጣውላዎቹ በአግድም ተደርድረው የላይኛው የታችኛውን ጫፍ ሶስት አራት ሴንቲ ያህል እየደረበ ይወርዳል፣ ስለዚ ከላይ የመጣ ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተንሸራተተ መሬት ይደርሳል እንጂ ግድግዳው ውስጥ አይገባም። ከጣውላውና ከጭቃው መሀል ደሞ ቀጫጭን ቋሚ እንጨቶች ስላሉ ትንሽ ክፍተት አለ፣ አየር ያልፍበታል። ጣውላው ካፖርት ነው በሉት፣ ቤቱን አይሸከምም፣ ዝናቡን ግን ይቀበልለታል። የቀሩት ሁለት ጎኖች በጭቃ ተለስነው በኖራ የተቀቡ ናቸው፣ ምንም አልሆኑም፣ ዝናቡ አያገኛቸውማ። ይሄንን የሰራው ሰው ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ነው እንጨቱን ያወጣው፣ ዛሬ ሪል ስቴት ሚሰሩት ስንቶቹ ናቸው ይሄን ሚያስቡት።

እድሜውን በተመለከተ እማማ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው የተሰራው ይላሉ፣ የባለቤታቸው አባት ናቸው ያሰሩት። ወረቀት የለም፣ እኔም ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን የጣውላውን ጀርባ ስታዩ የመጋዙ ጭረት ቀጥ ያለና እኩል ያልሆነ ነው፣ ክብ ማሽን የቆረጠው ጣውላ ላይ ሚታየው ቅስት ቅስት የለበትም። ይሄ ማለት ግንዱ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ሁለት ሰው ከላይና ከታች በእጅ መጋዝ እየሳበ ነው የሰነጠቀው። በረንዳው ላይ ያለው ቅርጽ አሮጌ የአዲስ አበባ ቤቶች ላይ ከምናውቀው፣ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ካመጡት ስታይል ጋር ይመሳሰላል፣ ምናልባት እነሱ ጋር የሰለጠነ አናጺ ይሆናል። እንጨቱ ሀበሻ ጥድ መሆኑ ግን አያከራክርም። አካባቢው የጥድ ሀገር ነበር፣ የመናገሻ ሱባ ጫካ ወጨጫ ተራራ ላይ ዛሬም አለ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ይባላል። የቀረው የአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ቶሎ ነው የተጨረሰው፣ ከተማው ከተቆረቆረ ብዙም ሳይቆይ ማገዶም የቤት እንጨትም ከመጥፋቱ የተነሳ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማውን ከዚሁ መንገድ ወደፊት ያለው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግስት ሁሉ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ባህር ዛፍ ነው፣ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግስት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ስለዚ እንደዚህ ሰፋፊ የጥድ ጣውላ ያለው ቤት በኋላ ሚደገም ነገር አልነበረም፣ ከዛ ወዲህ የተሰራው በሙሉ ማለት ይቻላል ባህር ዛፍ ነው።

እሺ፣ ምርመራው። ለዚህ ምንም ማሽን አያስፈልግም፣ ጋሼ ከኪሳቸው ወስፌ አወጡና ጣውላውን ከላይ ጀምረው እየወጉ ወረዱ። ጤነኛ እንጨት ወስፌ አያስገባም፣ የበሰበሰ ከሆነ ያለምንም ትግል ይገባል፣ ስታወጡት ደሞ እርጥብ ዱቄት ነገር ይዞ ይወጣል። ቀለሙ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል ስለዚ በአይን ብቻ አትመኑ። ያገኘነው ምን መሰላችሁ፣ ከመስኮት በላይ ያለው ጣውላ በሙሉ ድንጋይ ነው፣ ወስፌው ሊታጠፍ ደረሰ። የበሰበሰው ከታች ያሉት ሶስት ረድፎች፣ ከመስኮቶቹ ደፍ ስር ያለው ቦታ እና አንዱ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች። በቃ። ልጅየው ሙሉ ግድግዳው አልቋል ሲል የነበረው በቀለሙ መላጥ ተታሎ ነው።

እኔ ሁሌ ምለው የበሰበሰው ቦታ ራሱ ይናገራል ነው። እንጨት በእድሜ ብቻ ቢበሰብስ ኖሮ ላዩም ታቹም እኩል ነበር ሚያልቀው፣ ሁሉም የተሰራው አንድ ሰሞን ነዋ። ስለዚ ጥያቄው ውሃው እዛ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል ነው። እማማን ቁጭ አድርገን ቤቱ ላይ በየጊዜው ምን ምን እንደተሰራ ስንጠይቃቸው ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣ።

አንደኛ ጣራው። የድሮው ቆርቆሮ በደርግ ጊዜ ተቀየረ፣ ቆርቆሮ እንደልብ አይገኝም ነበርና ያገኙትን አብቃቅተው ሲያለብሱ ክፈፉ፣ ከግድግዳው አልፎ ሚወጣው የጣራ ጠርዝ ማለት ነው፣ አጠረ። የድሮው ክፈፍ ስንት እንደነበር የተቆረጡት ወራጆች ጫፍ ላይ ያለው አሮጌ ቀለም ያሳያል፣ ወደ ሰባ ሴንቲ ይጠጋ ነበር፣ አሁን ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ሁለተኛ አሸንዳው፣ ዝጎ ወደቀ፣ አልተተካም። የአዲስ አበባን አካባቢ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ በአመት 1200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው ደሞ ከሰኔ እስከ መስከረም አንዴ ሚወርድ። ያ ሁሉ የጣራ ውሃ ከክፈፉ ጫፍ ግድግዳው ስር ወርዶ መሬት መትቶ ጣውላው ላይ ይረጫል። ሶስተኛውና ዋናው ሲሚንቶው ነው። የልጅየው ሰርግ ሲደርስ ግቢው ጭቃ እንዳይሆን ተብሎ ቤቱ ዙሪያ ሲሚንቶ ተሞላ፣ ሲሞላ ደሞ ከፍ ተደርጎ የታችኛውን ጣውላ ግማሽ ድረስ ቀበረው፣ ያውም ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው። በኋላ የታችኛው ጣውላ መጥቆር ሲጀምር ለማሳመር ብለው ወንፊት ሽቦ መትተው ከላዩ በሲሚንቶ ለሰኑት። አራተኛ ቀለም፣ ለየበአሉ ሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም በቀለም ላይ እየተደራረበ ጣውላዎቹ ሚደራረቡበት ክፍተት ሁሉ ተደፈነ።

ጋሼ ይሄን ሁሉ ሰምተው ምን አሉ፣ «እንጨቱማ ምን አጠፋ፣ እናንተ ናችሁ ሲሚንቶ ያበላችሁት!»

ለምን እንደሆነ ትንሽ ላብራራ ምክንያቱም ይሄ ስህተት በየቤቱ ነው ያለው። እንጨት በክረምት ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ በበጋ ይደርቃል፣ ይሸሻል፣ በተለይ በጎኑ፣ በቁመቱ እምብዛም ነው። ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚ ልስኑና ጣውላው ሚገናኙበት መስመር ላይ የመጀመሪያው በጋ ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል፣ በአይን ላታዩት ትችላላችሁ፣ ውሃ ግን ያገኘዋል። ገባ። መውጫ ግን የለውም፣ በፊት ሲሚንቶ፣ ከላይ ቀለም፣ ከኋላ የነበረው የአየር ክፍተትም ከታች ተደፍኗል። እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ሚያበሰብሰው ፈንገስ አይነሳም፣ ከዛ በላይ ሆኖ ሲከርም ነው ሚጀምረው። ዝናብ ብቻ ቢመታው ኖሮ ጥቅምት ላይ ደርቆ ያርፍ ነበር፣ ለብዙ አስርተ አመታትም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ችግሩ መርጠቡ ሳይሆን አለመድረቁ ነው። ሀበሻ ጥድ ደሞ ቀላል እንጨት አደለም፣ ቀዩ ልቡ ምስጥም ፈንገስም ሚፈራው ነው፣ ለአጥር ቋሚ እንኳን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስንት አመት ይቆያል፣ ከጎረቤት ኬንያ ለእርሳስ መስሪያ ፈረንጆች ሲወስዱት የኖሩትም እሱኑ ነው። እሱን አስሮ ማበስበስ የቻለ ሰው ባህር ዛፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሚባለው ይሄ ነው፣ ከውጪ አምሮ ተለስኖ ውስጡ እያለቀ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ልጅየው ሞኝ አደለም፣ ነጥቦቹ ሚናቁ አልነበሩም፣ ስለዚ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የመጀመሪያው ጥገና ነው፣ «ብሎኬት አንዴ ሰርቼ እረሳዋለሁ፣ እንጨት ግን በየሶስት አመቱ ቀለም ይለኛል» አለ። ሁለተኛው እሳት፣ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 የሆነውን አነሳብኝ፣ እና ቤቱ ውስጥ ያለውን የመብራት ገመድ ሳይ ልክ ነበር፣ ባዶ ገመድ በጣውላው ጀርባ ያልፋል። ሶስተኛው ደሞ አንደበቴን የያዘኝ፣ «ብሮ እዚህ ሰፈር ነገ ልማት ይመጣል፣ ፒያሳን እንኳን በ2016 ምን እንዳደረጉት አይተሃል፣ ይሄን ማን ይምረዋል? ብሎኬት ከሆነ ቢያንስ ካሳው ላይ ይቆጠርልኛል»። ለዚህ መልስ የለኝም ነበር፣ አሁንም የለኝም። ቤቱ በቅርስነት አልተመዘገበም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ሲጠገን ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ ያልተመዘገበን ቤት ግን ባለቤቱ ነገ ጠዋት ቢያፈርሰው በቅርስ ስም ሚጠይቀው የለም፣ እንደዚህ አይነት ቤቶች ደሞ አብዛኞቹ ያልተመዘገቡ ናቸው።

የመለስኩለት ስለ ቅርስ ሳይሆን ስለ ብሎኬት ነው። ያ የድንጋይ መሰረት የተሰራው ለጭቃና ለእንጨት ነው፣ ቀላል ግድግዳ ለመሸከም። ብሎኬት ልትደረድርበት ከሆነ ከጎኑ አዲስ መሰረት ቆፍረህ ማውጣት አለብህ፣ ቆፈርክ ማለት ደሞ የቋሚዎቹን እግር ነቀነቅክ ማለት ነው። ከውጪ በብሎኬት ዘግተህ ጣውላውን ውስጥ ብትተወው የሰርጉ ሲሚንቶ ያደረገውን በትልቁ ደገምከው። ገንጥለህ ብታወጣው ደሞ ጭቃው ለዝናብ ተጋልጦ ብሎኬቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። ዋጋውን ቁጭ ብለን በወረቀት ስናሰላው፣ መሰረት፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ልስን፣ ያ ሁሉ ተደምሮ የበሰበሰውን ብቻ ከመቀየር ሲነጻጸር እጥፍ ድርብ ሆነ፣ ምክንያቱም ጥገናው ላይ ትልቁ ወጪ የእጅ ዋጋ ነው እንጂ እቃው ትንሽ ነው። እሱን ያሳመነው ይሄ ነው፣ የአያቱ ቤት መሆኑ አደለም። እማማ ግን ያሸነፉት በእንባቸው ይመስላቸዋል፣ እኔም ዝም አልኩ።

ስራው የተጀመረው በታህሳስ ነው፣ ሆን ብለን፣ እንጨቱ ደርቆ እንዲጠብቀን። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው፣ ሁሉም መጀመሪያ ሚታየውን ጣውላ መቀየር ይፈልጋል። እኛ ግን መጀመሪያ ውሃውን አስቆምን። ወራጆቹ ጫፍ ላይ አዲስ እንጨት በማስቀጠል ክፈፉን ወደ ድሮው ስፋት መለስነው፣ አሸንዳ ተሰቀለ፣ መውረጃው ውሃውን ከቤቱ አርቆ እንዲጥል ተደረገ። ከዛ የሰርጉ ሲሚንቶ ከግድግዳው ስር ወደ ግማሽ ሜትር ስፋት ተቆርጦ ወጣ፣ መሬቱ ወደ ውጪ እንዲያዘነብል ተጠርጎ ጠጠር ተሞላ፣ ጠጠር ላይ የወረደ ውሃ ይሰምጣል እንጂ አይረጭም። የታችኛው ጣውላ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት፣ ድሮም እንደዛ ነበር፣ የድንጋዩ መሰረት ሲገለጥ ታየ። ይሄ ሁሉ ሲሰራ ልጅየው እየመጣ «እስካሁን አንድም ጣውላ አልተቀየረም፣ ብሬ የት ነው ሚሄደው» ይላል። እውነት አለው፣ አይታይም።

ልስኑ ሲገነጠል ከስሩ የወጣውን ባታዩት ይሻላል። የታችኛው ጣውላ ጭራሽ የለም፣ ሽቦውና ሲሚንቶው ብቻ ነበር ቅርጹን ይዞ የቆመው። አንድ የማዕዘን ቋሚም እግሩ ተበልቶ ነበር፣ በብሎኬት ቢሸፈን ኖሮ እሱ ሳይታይ ይቀር ነበር፣ ጋሼ በክሪክ ጣራውን ደግፈው እግሩን ቆርጠው በአዲስ ጥድ ቀጠሉት፣ ከድንጋዩም ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ አደረጉ።

ቀለም መፋቁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ የመጻፊያው ሳይሆን የብረቱ እርሳስ፣ አሁን በሀገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በላይ እንዳይኖር ተከልክሏል ግን የድሮው ቀለም ያንን አያውቅም። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈጉት አቧራው ይተነፈሳል፣ በጋዝ እሳት ብታቃጥሉት ጭሱ የባሰ ነው፣ ከጣውላው ጀርባ ደሞ ደረቅ ነገር ስላለ ቤቱንም ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ልጆች ላይ ሚያደርሰው ጉዳት አእምሮ ላይ ነው። ስለዚ ውሃ እየረጨን በመፋቂያ ብረት ነው የፋቅነው፣ ከስር ላስቲክ አንጥፈን፣ ፍቅፋቂውን በጆንያ ሰብስበን። የእማማ ዶሮዎች ሳምንቱን ሙሉ ታሰሩ፣ እማማም በዚህ ብቻ ተቀየሙኝ። ደህና ሆኖ የያዘውን ቀለም ግን አልነካነውም፣ ለምን ይነካል።

እንጨት ፍለጋው ደሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሀበሻ ጥድ ከጫካ መቁረጥ ክልክል ነው፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በህግ የተጠበቁ ናቸው፣ ይሄ ደሞ ተገቢ ነው፣ አንድ ግድግዳ ለማደስ ያለችውን ጫካ መጨረስ አይቻልም። ገበያ ላይ ጥድ ሲሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ከመልኩ ይመሳሰላል፣ ቶሎ ሚያድግና ለጣውላ ተብሎ ሚተከል ዛፍ ነው። ልዩነቱን ጋሼ ያሳዩኝ እንዲህ ነው፣ ትንሽ ላጥ አድርጋችሁ አሽትቱት፣ የሀበሻው ጥድ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ልቡም ወደ ቀይ ያደላ ነው፣ ቀለበቶቹም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። የፈረንጁ ነጣ ያለ ነው፣ መጥፎ እንጨት አደለም ግን እኩል አይቆይም። እኛ የፈለግነው ያገለገለ ነበር። ከፈረሱ ቤቶች ሚወጣ አሮጌ ጣውላና ቋሚ መርካቶ ምናለሽ ተራም ሌላም ቦታ ይገኛል፣ ሻጮቹ አብዛኛውን በማገዶ ሂሳብ ነው ሚያዩት፣ እናንተ ግን ሚስማር የበዛበት፣ የጠቆረ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ክምር አገላብጡ። አንድ ቦታ ወፍራም የጥድ ቋሚዎች አገኘንና እንጨት ቤት ወስደን አሰነጠቅናቸው፣ ማሽኑ ጋር ከመሄዳችን በፊት ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለን፣ ካልሆነ ምላጩን ይሰብርና ባለማሽኑ ከናንተ ጋር ይጣላል። ከሱ ለታችኞቹ ሶስት ረድፎች በቃን፣ እዛ ነው ውሃው ሚበረታው። ለመስኮቱ ስርና ለማዕዘኑ የፈረንጅ ጥድ ገዛን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ተበላሸ። ልጅየው ለማፋጠን ብሎ ከፈረንጅ ጥዱ ግማሹን ገና እርጥብ እያለ ከመንገድ ዳር ገዝቶ አመጣ፣ ጋሼ ይድረቅ ቢሉም ሰራተኞቹ ሰንበት ላይ መቱት። ወሩ ሳያልቅ ሁለቱ ጣውላዎች ጠርዛቸው ወደ ውጪ ተቆልምሞ አንዱ ተሰነጠቀ። ወረዱ። ጣውላ ከመመታቱ በፊት ጥላ ስር፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ፣ አየር እያገኘው መድረቅ አለበት፣ ፀሀይ ላይ ደሞ አይደለም፣ ፀሀይ ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል።

ሚስማር አመታቱ ላይ ጋሼ የድሮውን ሰው ነው የተከተሉት። እያንዳንዱ ጣውላ በየቋሚው ላይ አንድ ሚስማር ብቻ ይመታል፣ ከታችኛው ጠርዙ ከፍ ብሎ፣ ከስሩ ያለውን የተደረበውን ጣውላ ጫፍ ሳይነካ። ለምን ብትሉ ሁለቱን አንድ ላይ ከቸነከራችኋቸው አንዱ ሲያብጥ አንዱ ሲሸሽ መሀሉን ይሰነጥቁታል። ሚስማሩ ዚንክ የተነከረ መሆን አለበት፣ ተራው ይዝግና ጣውላው ላይ ጥቁር እንባ ያወርዳል። ግማሹ ጤነኛ ሆኖ ጫፉ ብቻ የበሰበሰ ጣውላ ሙሉውን አልጣልነውም፣ የበሰበሰውን በሰያፍ ቆርጠን አዲሱን በሰያፍ ገጠምንበት፣ መጋጠሚያው ውሃ ወደ ውጪ እንዲያወርድ ተደርጎ። የጣውላው የተቆረጠ ጫፍ ከፊቱ ይልቅ ውሃ በብዙ እጥፍ ነው ሚስበው፣ ስለዚ ከመመታቱ በፊት ጫፉ ሁለት ሶስት ጊዜ ቀለም ይጠጣል፣ ይሄን ማንም አናጺ አይሰራላችሁም ካላስገደዳችሁት። እኔ ብሩሽ ይዤ የቆምኩት ለዚህ ብቻ ነው። የመብራቱ ገመድም ጣውላው ክፍት እያለ በሙሉ ወጥቶ በኮንዲዩት፣ በገመድ ቱቦ ማለት ነው፣ ተመለሰ፣ ልጅየው በዚህ ደስ አለው።

ቀለሙ ላይ ደሞ ሌላ ክርክር ተነሳ። ጎረቤት ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት ይላል፣ ከመኪና ሚወጣውን፣ ምስጥ አያስጠጋም ብለው። እኔ አልፈቀድኩም፣ ሽታው አይለቅም፣ አፈሩን ይመርዛል፣ ከዛ በኋላ ደሞ ምንም ቀለም አይዝበትም። አዲሱ እንጨት የፈላ የተልባ ዘይት ጠጣ፣ ያልፈላው አይሆንም፣ ሳይደርቅ ይከርምና ሻጋታ ይበላዋል። ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ስስ የዘይት ቀለም፣ ሚደራረብበት ክፍተት እንዳይደፈን እየተጠነቀቅን። ስቱኮ መጋጠሚያው ላይ አልተደረገም፣ ያ ክፍተት መተንፈሻው ነው። እና እባካችሁ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፣ ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ ያለክብሪት ይነዳል፣ ወይ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ክተቱት። በጣውላ ቤት ስር ይሄን መርሳት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጋሼ ጋር ወስፌውን ይዘን ሄድን። የታችኞቹ ረድፎች ደረቅ ናቸው፣ ጠጠሩ ስራውን ሰርቷል፣ ግድግዳው ላይ የጭቃ ርጭት ምልክት እንኳን የለም። ከሀበሻ ጥዱ አንድም አልተንቀሳቀሰም። የፈረንጅ ጥዱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ከፈት ያለ መጋጠሚያ አለ፣ ይጠበቃል፣ በሚቀጥለው በጋ ይታያል። አሸንዳው ውስጥ የባህር ዛፍ ቅጠል ሞልቶ አንዱ ጋ ውሃ ገንፍሎ ነበር፣ ለታናሽየው በሰኔና በነሀሴ እየወጣ እንዲጠርግ ነግረነዋል፣ እሺ ብሏል፣ ያደርገዋል ወይ ሌላ ጉዳይ ነው። ያልተነካው የጓሮው ጎን ነው፣ ጣውላ የለበትም ግን ሲሚንቶው እዛም የጭቃውን እግር ቀብሮታል፣ ልጅየው ብር ሲያገኝ ይቆረጣል ተባለ። እስከዛ ግን ቢያንስ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ እዛ መድፋት አቁሙ ብዬ ነበር፣ እማማ «እሱማ የኔ አበባዎች ያሉበት ነው» አሉ።